ዘመድ የመሰለው መርዝ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ባለ ጉድጓድ።»

ጋሽ ይርጋ እንዲህ ብለው ጀመሩ። የቀድሞ የኬሚስትሪ ተማሪያቸው ጥላዬ የሴት ልጁ አርባ በወጣ ማግስት መጥቶ «ጋሼ፣ ራሴን መውቀስ ካቆምኩ ልጄን ረሳኋት ማለት አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ልጅቷን ሲያተኩሳት ጉንፋን ነው ብሎ ቤት አሳደራት፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ረፍዶ ነበር።

«በሰውየው የውሃ ጉድጓድ ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ መርዝ ገባ። ለልጆቹ ሰጋና ውሃውን ያፈላ ጀመር። አፍልቶ አይጠግብም። ጎረቤቱ "አንተ ሰው፣ ውሃ ነው ባቄላ የምትቀቅለው?" ብትለው አልሰማትም። ሲዚየም እሳት አይፈራም፤ ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ባፈላ ቁጥር መርዙ ወፈረ።

«በኋላ አንዲት ባለሙያ መጣች። "ይህ መርዝ ሰውነታችን የሚፈልገውን ፖታሲየም የሚባል ጨው ይመስላል። ሰውነት ዘመድ እየመሰለው በር ይከፍትለታል" አለችው። ፔፕታይድ የሚባል ነገር ሠርታ ነበር፤ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች የተገጣጠመ አጭር ሰንሰለት ነው። ሲዚየም ብቻ ልክ የሚገባበት ኪስ አበጀችለት፤ በደቃቅ እንክብሎች ላይ አጣብቃም ማጣሪያ ውስጥ ሞላችው። ውሃውን ልታፈስበት ስትል ሰውየው እጇን ያዘ።

«"ጨዉንም ከወሰደብኝስ?"

«"እሱ የሚያውቀው መርዙን ነው። ይልቅ እጄን ልቀቀኝ!"

«ለቀቃት። ውሃው አለፈ፤ ጨዉም አብሮት አለፈ። መርዙ ከእንክብሎቹ ጋር ቀረ፤ እሱን አሽጋ ወሰደችው። ልጆቹ ጠጡ።»

ጋሽ ይርጋ ወደ ጥላዬ ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ፣ ልጄ። "ምነው በዚያው ሌሊት በወሰድኳት" እያልክ ታፈላዋለህ፤ ባፈላኸው ቁጥር ይወፍራል። ጸጸት ፍቅር ይመስላል። ስለሚመስልም በር ከፍተህለታል። "እኔ ነኝ የገደልኳት" የምትለዋን ቃል ለይተህ ያዛት፣ ያቺን ቃል ብቻ አውጣ። ሌላው፣ ፍቅሩና ትዝታው፣ ያንተ ነው፤ ማንም አይወስድብህም።»

ጥላዬ ቀና ብሎ አያቸው።

«እስቲ ስለ ሞቷ ሳይሆን ስለ እሷ አውራኝ» አሉት።



«ጫማ ማድረግ አትወድም ነበር» አለ።