ስንሻው ሽማግሌ የላከ ዕለት

«ለግራር ውሃ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ! በቀበሌያችን የአረጋውያን መዋያ ደጃፍ የነበረችው አግዳሚ ወንበር፣ በተካሄደው ጥልቅ ጥናት መሠረት፣ ከፀሐዩ ወደ ጥላው መዛወሯን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።»

ማስታወቂያው እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ለአንዲት ለምትወዛወዝ ወንበር የሚበቃ ክብር ሁሉ አለው። ግራር ውሃ የሄደ ሰው፣ የአገሩ ሰዎች በሆነ ባልሆነው አንድ አባባል ጣል ሲያደርጉ ይሰማል። ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ፣ ግማሹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው ይለዋል። ውሸታቸውን ነው። የመጣው ከዚሁ ማስታወቂያ ነው፤ ከወንበሯ ወሬ ዝቅ ብሎ፣ ማንም መነጽር ሳያደርግ በማያነበው ፊደል፣ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ከመጪው ወር ጀምሮ በመዋያው የሚሰጠው የምሳ፣ የገላ ማጠብና የደም ግፊት መለካት አገልግሎት በወጪ መጋራት ይሆናል።»

የጻፈው ስንሻው ነው። ስንሻው የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ሲሆን፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ በከተማው አንድም ዘመድ የሌለው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የማይጠግብ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ታሪኩ ባጠረ። አዳማ ለሥልጠና ሄዶ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ኮፍያና «ወጪ መጋራት» የሚል ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። (የራሱን የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ገና አልከፈለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ደግሞም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የመዋያው ውሃ ማሞቂያ ተበላሽቶ ከርሟል፣ በጀት ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «ታገሡ» ብቻ ነው።

ማስታወቂያው በተነበበ ዕለት መዋያው ውስጥ ክርክር ተነሣ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ግብር ገብሬ፣ መንገዱን በዚህ ክንዴ ቆፍሬ፣ አሁን ገላዬን ለመታጠብ ልክፈል?» አሉ አባባ ዘገየ። አባባ ዘገየ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሠራተኛ ናቸው፤ በከተማው እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ቢኖር፣ ገና ያልተጣላ ነው።

«እኔስ እከፍላለሁ!» አሉ እማማ ሸጊቱ። «በነፃ ሲያጥቡኝ ውሃው ቢያንቀጠቅጠኝም እግዜር ይስጥልኝ ነው የምል። ከከፈልኩ ግን እጮሃለሁ!»

«አንቺ ድሮስ በነፃ መች አልጮህሽም?»

ሁሉም ሳቁ፤ ግን ማንም አላሸነፈም። ጥያቄው እስከ ዛሬም ግራር ውሃን ለሁለት እንደከፈለ ነው።

ወሩ ሲገባ አባባ ዘገየ ብራቸውን በመሐረብ ቋጥረው ስንሻው ወደሚቀበልበት የክፍያ መስኮት ቀረቡ። እንደ ወትሯቸው፣ «እንደምን አደርክ፣ ልጄ?» አሉ። እንዳጋጣሚ ከስንሻው ኋላ አንድ የወረዳ ተቆጣጣሪ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ስንሻው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ እዚህ ልጄ፣ አባቴ የሚባል ነገር የለም። እርስዎ ተገልጋይ ነዎት፤ እኔ አገልግሎት ሰጪ።»

አባባ ዘገየ ቅር የተሰኙ አይመስሉም። ገበያ ላይ የማያውቀውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ቃሉን አገላብጠው አዩት። «ተገልጋይ» አሉ ለራሳቸው። ከፈሉ፣ ደረሰኛቸውን ተቀበሉ፣ ሄዱ።

በማግስቱ መጥተው፣ «እንደምን አደሩ፣ አገልግሎት ሰጪያችን?» አሉት። አንቱ ብለው!

«ኧረ አባባ፣ አንተ ይበሉኝ እንጂ!»

«የለም፣ ሥርዓት ይኑር» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ሌሎቹም ተከተሏቸው። ስንሻው ቀልድ መስሎት አለፈው፤ ማሞቂያውንም አሠራ።

ታዲያ ስንሻው ፍቅር ይዞት ነበር። የወፍጮ ቤት ባለቤት የጋሽ አላምረውን ልጅ፣ ውባለምን፣ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። አንድ ዓርብ ቀን እያለከለከች ቢሮው ገባች።

«አባዬ ለሌላ ጠያቂ ቃል ሊሰጥ ነው። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ካልላክህ አለቀልን!»

«እኔ ራሴ መጥቼ ባነጋግራቸውስ?»

«ራስህ? ማመልከቻም አስገባ በላ!»

አባቱ ሞተዋል፣ አጎት የለው፣ የአገር ልጅ የለው። በከተማው የሚያውቃቸው ሽማግሌዎች መዋያው ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። ሮጦ ሄዶ አባባ ዘገየ ጉልበት ላይ ወደቀ።

«የዚህን ወር ክፍያ አነሣልዎታለሁ!»

«ኧረ በስመ አብ! ሽምግልና በክፍያ ይሄዳል እንዴ?» ደንግጠው አነሡት። «በነፃ እንሄዳለን። ክፍያችንንም እንከፍላለን፤ መመሪያ መመሪያ ነው።»

እሑድ ማለዳ፣ አባባ ዘገየ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው የጋሽ አላምረው ደጅ ቆሙ። ስንሻው ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ኋላ ተለጥፎ ያዳምጣል።

«ግቡ እንጂ! ተቀመጡ» አሉ ጋሽ አላምረው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

«ልጅዎን ውባለምን ለስንሻው እንዲሰጡን ነው።»

ጋሽ አላምረው ጆሯቸው ቆመ። በዚያ አገር ሽማግሌ «ልጅዎን ለልጃችን» ነው የሚል። ቃሏ ዋስ ናት፤ ነገ ባልየው ቢያጠፋ፣ ልጃችን ያሉት ሰዎች ይጠየቁበታል።

«ስንሻው የማን ልጅ ነው?»

«አባቱ አርፈዋል። አገሩም ሩቅ ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ። እናንተ ልጃችን ትሉታላችሁ ወይ ነው የምለው።»

ከግድግዳው ኋላ ስንሻው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፦ ልጃችን በሉ፣ ልጃችን በሉ። አባባ ዘገየ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። እንደገና ከፈቱት።

«ጨዋ ነው» አሉ። «ሰዓት ያከብራል። ደረሰኝ ይሰጣል።»

«ልጃችሁ ነው ወይ?»

አባባ ዘገየ መሬት መሬት አዩ። «እኔ እንኳ… ተገልጋዩ ነኝ።»

«እኛም» አሉ ሁለቱ ጓደኞቻቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ አላምረውም፣ «ዋስ ለሌለው ሰው ልጄን አልድርም። አባት ያገኘ ዕለት ተመለሱ» ብለው፣ በክብር እስከ በሩ ሸኟቸው።

ስንሻው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ብቅ አለና መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ከበባቸው።

«አንዲት ቃል!» አለ። «አንዲት ቃል ምን ይከብድዎት ነበር? ክፍያውን ኪሴ ጨመርኩት? ውሃው እንዲሞቅላችሁ ብዬ እኮ ነው!»

«ውሃውማ ሞቋል፤ አይካድም» አሉ እማማ ሸጊቱ ከሕዝቡ መሐል።

አባባ ዘገየ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩት። ፊታቸው ላይ የበቀል ደስታ አልነበረም፤ በራሳቸው አንደበት የተገረሙ ይመስላሉ።

«ልለው ብዬ ነበር የወጣሁት» አሉ። «ሌሊቱንም ስለማመደው ነው ያደርኩ።»

«ታዲያ ለምን አላሉትም? እስቲ ያብራሩልኝ!»

«አላብራራም» አሉ ቁርጥ አድርገው፤ «ያስከፈሉት አባት፣ ልጄ አይልም።»