የማንደፍሮ ፎቅና የእትዬ ዘርፌ ጥንቸል

በእኛ በኩል ሰው ሳይጠይቅ ደግሶ፣ ሳይለካ ሰፍቶ፣ ኋላ «ለምን አልወደዱልኝም?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ ይልና አንዲት አባባል ወርወር ያደርግለታል። አባባሏን የማያውቅ የለም። መነሻዋ አንድ ኩሩ አናጢና አንዲት ነጭ ጥንቸል መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አናጢው ማንደፍሮ ይባላል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወረድ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ እሱ ያልገጠመው በር፣ እሱ ያላቆመው አልጋ አልነበረም። መጋዝ ከያዘ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን «ሚስማሩን እዚህ ምታ» ብሎ ያዘዘው ሰው የለም። ሊያዝዘው የሞከረ ቢኖርም እንጨቱን እንደተሸከመ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ኩራቱ ደግሞ ባዶ ኩራት አልነበረም። እጁ የተባረከ ነው፤ ጠላቱም ይህን አይክድም።

አንድ ቀን እትዬ ዘርፌ ወደ ሥራ ቦታው መጡ። እትዬ ዘርፌ የከተማዋ የልምድ አዋላጅ ናቸው፤ ማንደፍሮ ራሱ በእጃቸው ነው የተወለደው። በዚያ ሰሞን አንድ የእርሻ መምህር ተዛውሮ ሲሄድ እርጎ የምትባል ጥንቸል ትቶላቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀዋል፤ እናም እርጎን እንደ ሰው ይወዷታል። ጎረቤት ግን አፉ አያርፍም። «እንቁላል አትጥል፣ አትታረድ፤ ምን ልትሆንላቸው ነው?» ይላል። ጥንቸል በጾምም ሆነ በፍስክ አይበላማ!

«ማንደፍሮ ልጄ፣ ለእርጎ ቤት ሥራልኝ» አሉት። «ሸለመጥማጥ መዞር ጀምሯል። የጎረቤቴን ሁለት ዶሮ ጨርሶ እሷን ሊበላብኝ ነው። ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ ይሁን። ደግሞ ውስጡ...»

«ይተዉት እትዬ፣ ገብቶኛል» አለ ማንደፍሮ። «የዶሮ ቤት መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል!»

«ዶሮ ናት አልኩህ እንዴ?»

«ላባ የላትም እንጂ ያው ናት።»

ከዚያ ወዲያ ቢናገሩም አልሰማቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩን ዘግቶ ሠራ። ሥራው አልቆ አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ እትዬ ዘርፌ ግቢ ሲያመጡት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ከዋንዛ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። መሰላል አለው፣ ቆጥ አለው፣ የመብል ገበታው ሳይቀር ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ሽቦ ነው፤ በሩ ላይ ጽጌረዳ ተቀርጾበታል። ሴቶቹ እልል አሉ። ማንደፍሮ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

እትዬ ዘርፌ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት።

«እጅህን ይባርከው፣ ያምራል። ግን አንተ ልጅ፣ ፎቅ አዘዝኩህ?»

«ከፍ ካላለች ሸለመጥማጡ ይበላታላ!»

«ሸለመጥማጥ መሰላል አይወጣም ያለህ ማነው? ደግሞ እሷ መሬት ለመሬት የምትኖር ፍጥረት ናት። ሲያስፈራት የምትገባው ጉድጓድ ነው፤ ቆጥ ምኗም አይደለም።»

ከሰው መሀል አንዱ ሳቀ። ያቺ ሳቅ የማንደፍሮን ደም አፈላችው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ይመኑ እዚያው ቆመው ስለነበር ወደሳቸው ዞረ።

«ይስሙኝ አቶ ይመኑ! ጥንቸሏ እስከ ፊታችን እሑድ ወዳ ካልገባችበት፣ እኔ ማንደፍሮ እዚህ ግቢ እንደ ለማጅ ቁጭ ብዬ፣ እትዬ ዘርፌ እያዘዙኝ፣ ዕድርተኛው እያየኝ እንደገና እሠራዋለሁ!»

«ከአፍህ የወጣው ቃል ነው» አሉ አቶ ይመኑ።

«ቃሌ ነው!»

ሰኞ ዕለት እርጎን አቅፈው አስገቧት። እርጎ ጥግ ይዛ ተሸማቀቀችና የኋላ እግሯን አንስታ ወለሉን ድው! አደረገችው።

«አዩ? እየጨፈረች ነው!» አለ ማንደፍሮ።

«ምን ትጨፍራለች! ‹ጠላት አለ፣ ሽሹ› ማለቷ ነው። የሚሸሽላት ዘመድ ባይኖራትም ትጣራለች።»

ረቡዕ ማንደፍሮ ሲመጣ በሩ ላይ የቀረጸው ጽጌረዳ ግማሹ የለም። ክው ብሎ ቀረ። እትዬ ዘርፌ ግን አልደነቃቸውም። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ያድጋል፣ ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ስታኝክ ካልዋለች ያገኘችውን ትፈጫለች፣ ድርቆሹን ደግሞ አንተ ሰቅለህባታል አሉት። ዓርብ ዕለት እርጎ ከፎቁ ዘላ ወረደችና ስታነክስ ዋለች። ማንደፍሮ ይህን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እግሯን በቀስታ ዳሰሰላት።

እሑድ ዕድርተኛው ተሰበሰበ። የቤቱ በር ተከፍቶ እርጎ ግቢው መሀል ተለቀቀች። አፍንጫዋን እያንቀሳቀሰች ወደ ፎቁ ተጠጋች፣ መሰላሉን አሸተተች፣ አልፋው ሄዳ ከማገዶው ክምር ሥር ሽጉጥ አለች። ይባስ ብሎ የጎረቤት አውራ ዶሮ መሰላሉን እየቆጠረ ወጣና ቆጡ ላይ ቆሞ ጮኸ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ማንደፍሮ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፤ ብዙዎችም ይሄዳል ብለው ጠበቁ። ስለ ማንደፍሮ ብዙ ነገር ይባላል፤ ቃል አጣፊ ግን ተብሎ አያውቅም። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ እያት» አሉት። «እኔ ምጥ የያዛትን ሴት ሳላያት እጄን አልዘረጋም።»

ሦስት ቀን መዶሻ ሳያነሳ ዋለ። እርጎ ስትዘል በገመድ ለካ፤ ቤቱ ሦስት ዝላይ ያህል መርዘም ነበረበት። በኋላ እግሯ ቆማ ዙሪያዋን ስትቃኝ ጆሮዋ የሚደርስበትን ከፍታ ለካ። ከማገዶው ሥር ለምን እንደምትገባ ሲጠይቅ፣ ጨለም ያለ መኝታ እንደምትፈልግ፣ መኝታውም ሁለት በር እንዲኖረው ነገሩት። «በዚህ ቢመጣብኝ በየት እወጣለሁ ትላለች፤ መውጫ ከሌላት እንቅልፍ የላትም» አሉ። አንድ ቀን እርጎ ፀሐይ ላይ በጎኗ ዘፍ ስትል ማንደፍሮ የሞተች መስሎት ብድግ ብሎ ጮኸ፤ እትዬ ዘርፌ ጥጋብ መሆኑን አስረዱት።

በአራተኛው ቀን ሥራ ጀመረ። የመኝታውን ወለል እግሯን እንዳይቆርጣት ጣውላ አደረገው። ከቤቱ ፊት መፈንጫ ግቢ በሽቦ አጠረላት፣ የሽቦውንም ጫፍ ከአፈር ሥር ቀበረው፤ እሷ ቆፍራ እንዳትወጣ፣ ሸለመጥማጡም ቆፍሮ እንዳይገባ። ሙቀት ስለማትወድ ጣሪያውን በሣር ከደነው። ከዚያ ሚስማር በአፉ እንደያዘ ቀና አለና በሠላሳ ዓመት አንድም ሰው ያልሰማውን ነገር ተናገረ።

«እትዬ፣ የት ልምታው?»

በአጥሩ ላይ ያጮልቁ የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

«እሱንማ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «እኔ የማውቀው እሷን ነው።»

ማንደፍሮ ይህን ሲሰማ ልቡ ሞላ። ሲያልቅም ጥርሷ የማይደርስበት ቦታ ላይ አንዲት አበባ ብቻ ልቅረጽ ብሎ ለመነ።

«ካላስጌጥክማ ማንደፍሮ አይደለህም። ይሁን» አሉት።

በሚቀጥለው እሑድ ዕድርተኛው እንደገና መጣ፤ አብዛኛው ለመሳቅ ነው የመጣው። እርጎ ተለቀቀች። ዝቅ ያለውን ቤት አሸተተችና ማንም ሳይነካት ዘው ብላ ገባች። ጥቂት ቆይታ በሌላኛው በር ብቅ አለች። አገጯን በመቃኑ ላይ ደጋግማ አሸችው፤ ጥንቸል የኔ ነው የምትለውን እንዲህ ታደርገዋለች። አየር ላይ ተጠማዛ ዘለለች። ከዚያ ሽቦው አጠገብ በጎኗ ዘፍ አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ኧረ ሞተች!» ብላ ጮኸች አንዲት ሴት።

«ማን ሞተ!» አለ ማንደፍሮ። እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም። «ጥንቸል ጎኗን ጥላ የምትተኛው ፍርሃት ሲለቃት ነው። አትንኳት! ቤቷን አግኝታ ነው!»

እትዬ ዘርፌ ብቻቸውን እልል አሉ፤ ወንድ ልጅ ሲያዋልዱ እንደሚሉት ደጋግመው እልል አሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተከተላቸው። ማንደፍሮ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ይዘው አቀፉት።

አቶ ይመኑ ከፍ ብሎ የቆመውን ፎቅ አዩ፣ ዝቅ ያለውን ቤት አዩ፣ የተኛችውንም ጥንቸል ረዘም አድርገው ተመለከቷት፤ ከዚያም ከዘራቸውን ተደግፈው ሁሉም እንዲሰማቸው ጮክ ብለው «አናጢ ያስጌጣል፣ ኗሪ ይመርጣል» አሉ።