ሞልቶ የማይደርስ ዘይት

«አንድ ሾፌር ነበረ። አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው» ብለው ጀመሩ ጋሽ አሰጋኸኝ።

የጠየቃቸው ጎረቤታቸው ይርዳው ነው። እናቱ ካረፈች በኋላ አባቱን ከገጠር አምጥቶ ቤቱ አስቀምጧል። «ጋሼ፣ የአባቴ ኩርፊያ በዛ። ልብሱ፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ምንም አላጎደልኩበትም። አሁን ደግሞ አገሬ ልመለስ ብሎ ጓዙን ቋጥሯል። ምን ልጨምርለት?» ነበር ያላቸው።

ጋሽ አሰጋኸኝ እንዲህ ብለው ቀጠሉ።

ያቺን መኪና አውቃታለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጣ ድምጿ ከሩቅ ይለያል። ጥሩምባዋ ሲሰማ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣ ነበር፤ ዕቃ የላከ አለ፣ ዘመድ የሚጠብቅ አለ። ዛሬ አስፋልቱን የሞሉትን መኪኖች ማን እንደሚነዳቸው እንኳ አናውቅም። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፣ ምን ልደብቅህ!

መኪናዋ ስታረጅ አንድ ዐመል አመጣች። ሞተሯ ሞቆ ቆም ስትል የዘይቱ ቀይ መብራት ይበራል። ሾፌሩ ይወርድና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ያያል። ሙሉ ነው። ቢሆንም ትንሽ ይጨምርላታል። ሌላ ቀን ደግሞ ወፈር ያለ ዘይት ገዝቶ ይጨምራል። የዚያን ጊዜ ሾፌሮች እንዲያ ነበሩ፤ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ መቀየር ብክነት ይመስላቸዋል። መብራቱ ግን አልጠፋ አለ። በኋላማ ከሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሰውዬው ደነገጠ። ከእሷ ሌላ እንጀራ የለውም፤ ደግሞም ይወዳታል።

መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። «ዘይት እንደ ውሃ ነው የማጠጣት፤ ምን አጎደልኩባት?» አለ።

መካኒኩ መብራቱ ዋሽቶ እንደሆነ ብሎ በራሱ መለኪያ የዘይቱን ግፊት ለካ። እውነትም ዝቅ ብሏል። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት ፈቶ አወረደ። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት በዓመታት ዝቃጭ ተደፍኗል። ዘይቱ ታች ሞልቶ ተኝቷል፤ ላይ አይደርስም። ሾፌሩ ያንን ሲያይ እጅጌውን ሰብስቦ ወንፊቱን ራሱ አጠበው። ከዚያ ወዲያ ሞተሯ ሞቆ ቆም ብትልም መብራቱ አልበራም።

ጋሽ አሰጋኸኝ ወደ ይርዳው ዞሩ። «አንተም እንደዚያ ሾፌር ነህ፣ ልጄ። የምትሰጠው ሞልቷል፤ አባትህ ዘንድ ግን አይደርስም። መሀል ላይ የተደፈነ ነገር አለ። እስቲ ልጠይቅህ፤ እናትህ ካረፈች ወዲህ ስሟን ፊቱ አንስተህ ታውቃለህ?»

ይርዳው አቀረቀረ። «እንዳይከፋው ብዬ እኮ ነው...»

«እሱም አንተ እንዳይከፋህ ብሎ ነው ዝም ያለው። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ስለ እሷ ሲያወራ ነው የሚውለው። በል፣ ዛሬ ምንም ሳትገዛ ግባ። አጠገቡ ቁጭ በልና ስሟን ጥራ።»