የሸጋው አውቶቡስና ሦስቱ ብልቃጥ

ሰው ውስጡን ሳያጠራ ላዩን ሲያሳምር ካየን፣ በእኛ ከተማ ጣል የምናደርጋት አንዲት ተረት አለች። እንግዳ ሲሰማት ስለ በሬ የተተረተች ይመስለዋል። የለም፣ ስለ አውቶቡስ ናት! እኔም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

የአውቶቡሱ ባለቤትም ሾፌሩም ሸጋው ነው። ጓደኛችን ይበልጣል ሲያገባ፣ ሙሽራዋን እንጉዳይን ከዳገቱ ማዶ የምናመጣው በእሱ አውቶቡስ ነበር። የልጅቱ አባት አቶ ቢተው ግን ቀደም ብለው ምለዋል፦ «ቀትር አልፎ ጥላ ሳይዞር ካልደረሳችሁ፣ ልጄ ከቤቴ አትወጣም!» አቶ ቢተው ከማሉ ደግሞ ማሉ ነው።

በሠርጉ ማለዳ ሸጋው የማደያውን ሰልፍ አየና ሰለቸው። መንገድ ዳር ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ገዝቶ መጣ። የሙሽራው አክስት እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ሠላሳ ዓመት በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያስተዳደሩ ሴት፣ ጀሪካኑን ከፍተው አዩት።

«ሸጋው ልጄ፣ ይሄ ደፍርሷል። ጠላ እንኳ አተላው ሳይዘቅጥ አይቀዳም!»

«እትዬ፣ እሱ ለወፍጮ ነው። እኔ መድኃኒት አለኝ!» ብሎ ከኪሱ ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ቀይ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ብልቃጦች አወጣ። ሻጩ ግማሽ ብልቃጥ ይበቃል ብሎት ነበር። ሸጋው ግን «ሠርግ አይደል? ይጥገብ እንጂ!» ብሎ ናፍጣውን ታንከሩ ውስጥ ቀዳና ሦስቱንም ገለበጠበት። ይህም አልበቃ ብሎት፣ ለሙሽራው ከመጣው ለጋ ቅቤ ቆንጥሮ የአውቶቡሱን ግንባር ቀባው። እኛም እልልታውን አቀለጥነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ወፍጮ ቤታቸው ገብተው አንድ ጀሪካን አቅፈው ተሳፈሩ። «እትዬ፣ አረቄ ነው?» እያልን መንገዱን ሙሉ ቀለድንባቸው።

ዳገቱ ወገብ ላይ አውቶቡሱ ስቅ አለው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ወርደን ገፋን። ሁለት ክንድ ወደፊት ስንለው ሦስት ክንድ ወደኋላ ይመጣብናል። ከሳቅ ብዛት መግፋት አቃተን። ያልሳቀ ሙሽራው ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ሱፉ እየገፋ፣ የራሱን ጥላ መሬት ላይ እያየ «አጠረ! ኧረ አጠረ!» ይላል። አሳዘነኝ።

«ሸጋው፣ የናፍጣውን ፊልትሮ ፍታው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ቢፈታው ከውስጡ ውሃና ጭቃ ተንዠቀዠቀ።

«ይሄ ናፍጣ ነው ወይስ የክረምት ጎርፍ?» አለ አንዱ ሚዜ።

ሸጋው አንገቱን ደፍቶ ከታንከሩም ያንን ሁሉ ጉድ አፈሰሰው። ያ የቀለድንበት ጀሪካን ለካ ሦስት ቀን ሙሉ የጠለለ ናፍጣ ኖሯል! እትዬ ማንጠግቦሽ እሱንም አላመኑትም፤ ለሠርጉ የለበሱትን አዲስ ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው ማጥለያ አደረጉት። «ኧረ እትዬ!» ብለን ጮኽን።

«ነጠላ ይታጠባል። የቢተው መሐላ ግን አይታጠብም፤ ቅዳ!»

ሸጋው ቀዳ፣ ከናፍጣው ቱቦ አየሩን አስወጣ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። ከበሮው ከእኛ ቀድሞ ጮኸ።

ስንደርስ አቶ ቢተው ከዘራቸውን ግቢው መሃል ተክለው ቆመዋል። የከዘራው ጥላ ጣት አይሞላም፤ ግን ገና አልዞረም። በአውቶቡሱ ጭስ እስከ ግንባሩ የጠቆረውን ሙሽራ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሠርገኛ ናችሁ ወይስ መካኒክ?»

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሸጋው። «ቅቤ ቀባሁት፣ ሦስት ብልቃጥ መድኃኒት አጠጣሁት፤ ምን እንደጎደለበት እንጃ!»

እንጉዳይ በመስኮት ብቅ ብላ ሳቋን ለቀቀችው፤ አባቷም ቁጣቸውን ረስተው አብረው ሳቁ። እትዬ ማንጠግቦሽ «መድኃኒቱስ ምን በደለ? ናፍጣው ንጹሕ ቢሆን ጥቂቱም ይረዳው ነበር» አሉና፣ የጠቆረ ነጠላቸውን መልሰው እየተከናነቡ ለሸጋው እንዲህ ሲሉ ተረቱለት፦ «ጭቃ አጉርሰው ቅቤ ቢቀቡት፣ አይወጣም ዳገት!»