የሰከረው ፈረሱ ነው

አንድ ቀን፣ ጉልት አምባ በምትባል ትንሽ የወረዳ ከተማ ጥግ፣ ይመኑ የሚሉት ገበሬ ደጃፍ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በጠዋት ቆመው ተገኙ። ቁጭ በሉ ቢላቸው አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ አልቀመጥም ካለ ልጅ ሊጠይቅ መጥቷል ማለት ነው፤ ይሁን እስኪባል አይቀመጥም። የጠየቁትም የይመኑን ልጅ፣ አትጠገብን ነበር፤ ለአንዳርጌ፣ ለአይሱዙ ሾፌሩ። ልጅቱን ቢጠይቃት፣ «አንተ ከፈቀድክ እኔ እወደዋለሁ» ብላ መሬት መሬት አየች። ይመኑም «እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑ» ብሎ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ሸኛቸው።

ገና ከአጥሩ ሳይርቁ ጎረቤቱ ወሬ ይዞ ደረሰ።

«ይመኑ፣ ይሄ ልጅ እኮ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተፈርዶበታል አሉ። መኪናውን ሰው እርሻ ውስጥ ከቶት ነበር አሉ።»

ይመኑ መጠጥና መንገድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ከየት እንዳወቀው ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ለፈጣሪ ተስሎ መጠጡንም የጋሪ ነጂነቱንም ትቷል፤ ያለፈው አለፈ ብሎ።

ቆሞ ጸለየ። ጸሎቱን ሲጨርስ አንድ ነገር ታየው። በ«አሉ» ልጅ አይዳርም፤ በ«አሉ»ም አይከለከልም። ልጁ ከተፈረደበት ግን ነገሩ የሆነ ቦታ ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ያለው ከወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ወረደ።

እዚህ ላይ ስለ ይመኑ ትምህርት ትንሽ መናገር ይገባል፤ ትንሽ ነውና ብዙ አያስወራም። የተማረው ዳዊት እስከ መድገም ነው። የኔታ ያስተማሩት ንባብም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ አንገትን ወዝወዝ እያደረጉ። ሰው አፉን ገጥሞ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ ያያል እንጂ እንዴት እንደሚቻል አይገባውም። ሌላም ችግር አለበት። ሲያነብ መጀመሪያ አፉ ይላል፣ ቀጥሎ ጆሮው ይሰማል፤ ልቡ የሚደርሰው ከሁሉ ኋላ ነው።

መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ጓንጉል የሚባል ሰው ነው። ጓንጉል አንድ መዝገብ ስጠኝ ሲሉት ከገዛ ሥጋው የሚቆርሱበት ይመስለዋል። የማያውቀው ሕግም የለም፤ ያላወቀውን ደግሞ እዚያው ያወጣዋል።

«የመዝገብ ቁጥር?» አለው ቀና ሳይል።

«ቁጥሩን አላውቅም። ልጁን ነው የማውቀው።»

«እዚህ ሰው የሚታወቀው በቁጥር ነው። በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እንጃ ልጄ። ጢም ካወጣ በኋላ ነው።»

«ጋሽ ይመኑ፣ እርስዎ ለጉዳዩ ምንድን ነዎት? ከሳሽ ነዎት? ምስክር ነዎት?»

«የልጅ አባት ነኝ።»

«የልጅ አባት የሚባል በሕጉ የለም።»

«በሕጉማ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ይመኑ። «ወይስ እሱም የለም?»

ጓንጉል ተናደደ። መሰላሉን ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ በሲባጎ የታሰረ፣ እንደ ሕፃን ልጅ የሚከብድ ጥቅል አወረደና ዱብ አደረገለት። አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው።

«ይኸው ክፍት! በዚህ ወረዳ ጠጥቶ የነዳ ሁሉ እዚህ ታስሯል፤ አዲሱም አሮጌውም። ይዞ መውጣት የለም። እዚያ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ቁጭ ብለው፣ እዚሁ አንብበው፣ እዚሁ ይመልሱ።»

ሦስት ገጽ ሳይገልጥ ይሄድልኛል ብሎ ነበር ያሰበው።

ይመኑ ቁጭ አለ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ግቢ ቀጠሮ በሚጠብቅ ባለጉዳይ ተሞልቷል። ይመኑ አማተበ፣ ሲባጎውን ፈታ፣ ጉሮሮውን ጠረገና በዳዊቱ ዜማ ጀመረ።

«ተከሳሽ... የወረዳውን... ትራክተር... ጠጥቶ ሲያሽከረክር... እርሻው መስሎት... የኳስ ሜዳውን... ከጎል እስከ ጎል... አርሶታል...»

ወዲያው ከመስኮቱ ሥር አንዱ፣ «የማን ነው? ስሙን ድገሙልን እንጂ አባቴ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ደግሞ ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ በቀስታ ወደ በሩ አመራ።

«ጋሽ ይመኑ!» አለ ጓንጉል ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ዝም ብለው ያንብቡ እንጂ!»

«ዝም ካልኩማ አላነበብኩም፣ ልጄ።»

«በልብዎ!»

«በልቤ የምይዘው ካነበብኩት በኋላ ነው» አለና ቀጠለ። ሞተር ሳይክሉን ይዞ ሠርግ ድንኳን ውስጥ የገባውን አነበበ። ሰውም እየበዛ፣ መስኮቱ በራስ እየተሞላ ሄደ። ችሎት ውስጥ የነበረው ፖሊስ እንኳ ነገሩ አሳስቦት ወጣ፤ ወጥቶም ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

ቀጥሎ የመጣው ወረቀቱ የወየበ፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው መዝገብ ነበር። የይመኑ አፍ ሳይጠራጠር ገባበት።

«ተከሳሽ... ይመኑ በላይነህ...»

ግቢው ትንፋሹን ዋጠ። አፉ ብሏል፣ ጆሮው ሰምቷል፤ ልቡ ገና መንገድ ላይ ነው።

«...የፈረስ ጋሪ... ጠጥቶ በመንዳት... የነጋዴ ጨው አራት ኩንታል... ከነጋሪው ወንዝ ከቷል። ጨውም በመሟሟቱ... የአካባቢው ከብት ሁሉ... ወደ ወንዙ ወርዶ... እረኞች እስከ ሦስት ቀን... መመለስ አቅቷቸዋል። ተከሳሽም ሲጠየቅ... 'እኔ ጤነኛ ነኝ፤ የሰከረው ፈረሱ ነው፤ አተላ ጠጥቶ ነው' ብሏል። ምስክር ቀርቦ... 'ፈረሱ ወደ ቤቱ ልሂድ ብሎ ሲታገል አይቻለሁ፤ ወደ ወንዝ የመለሰው ተከሳሹ ነው' አለ። ፍርድ ቤቱም... ፈረሱን አስቀርቦ ቢመለከት... ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ተከሳሹ ግን... የቆመው ፈረሱን ተደግፎ ነው።»

ልቡ የደረሰው እዚህ ላይ ነው።

ደርሶም ምን ይረባል? ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ ወገቧን ይዛ መሬት ተቀመጠች። ፖሊሱ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይመኑ አይጥ ይህን ሁሉ ዓመት ጥጉን ብቻ ቀምሳ መሄዷ እጅግ አሳዘነው።

ጓንጉል እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ለግቢውም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እንዴ ጋሽ ይመኑ! የሰው ልጅ ነውር ፍለጋ መጥተው የራስዎን ዘርግተው አረፉት? እርስዎን የመሰለ የወንዝ ሾፌር የአማች መጠጥ ምን ያገባዋል?»

ይመኑ ወረቀቱን አጠፈ። ጊዜ አልወሰደበትም።

«ስለሚያገባኝ ነው እንጂ ልጄ። አማቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን መዝገብ ቤት ባለማወቁ ነው ልጁን ለእኔ የሰጠው። እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

አሁን የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነው። ጓንጉል ራሱ ሊያፍነው ቢሞክር በአፍንጫው ወጣበት። ጎንበስ ብሎ ከጥቅሉ ውስጥ የአንዳርጌን መዝገብ በራሱ እጅ መዘዘና፣ «ይህን ግን እባክዎ እኔ ላንብብልዎ፤ በጆሮዎ፤ በቀስታ» አለው።

አንድ ገጽ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንዳርጌ ቢራ ጠጥቶ ባዶ አይሱዙውን የአንዲት ባልቴት በቆሎ ውስጥ አስገብቷል። ሲጠየቅ፣ «ጠጥቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሏል። መንጃ ፈቃዱ ስድስት ወር ታግዷል። የባልቴቲቱንም በቆሎ ማንም ሳያስገድደው ራሱ ቆፍሮ ዘርቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መዝገብ የለውም።

ይመኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወሬው በአቋራጭ ቀድሞት ደርሷል። ሚስቱ ባንቻየሁ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቀና አላለችም።

«ፈረሱ ደህና ነው?» አለችው።

ይመኑ ከደረጃው ላይ ዝርፍጥ አለ። «ሰማሽ?»

«ያልሰማ ማን አለ? በንባብማ ማን ይችልሃል።»

«እንግዲህ ይኸው ነው። ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፤ አፍሬ ነው።»

«እሱን ተወውና፣ ልጁ ለዳኛው ምን ብሎ መለሰ?»

«'ጠጥቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው' ነው ያለው።»

«በመኪናው አላሳበበም?»

«አላሳበበም።»

«እንዲያ ከሆነ ካንተ ይሻላል።»

ይመኑ ይህች ነገር ቆረቆረችው። ቢያንስ አንድ ነገር ላይ አሸናፊ ሆኖ መግባት አማረው። «ብቻ አንቺ፣ ጓንጉልን ምን ብዬ አፉን እንዳስያዝኩት አልነገሩሽም? 'አማቴ መዝገብ ቤቱን ባለማወቁ ነው ልጁን የሰጠኝ' ብዬ! ግቢው በሳቅ ሞተ።»

አሁን ባንቻየሁ ምስሩን አስቀመጠችው።

«ማን? አባዬ? አባዬማ ሽማግሌ በላክህ ሳምንት የአንድ ቀን መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ የጊዜውን ጸሐፊ አስነብቦ፣ ከነፈረሱ ከነጨው ሰምቶ ነው የተመለሰው። ለእናቴና ለእኔ ሲነግረን ከሳቁ ብዛት ዓይኑን እየጠረገ ነበር።»

«ሰምቶ ነው? ሰምቶ ለምን ሰጠኝ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ልጄ፣ መጠጡን ፈጣሪ ያስተወዋል' አለኝ። 'ውሸት የሚችል ባል ግን ምንም አያስተወውም። ይሄ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ጨንቆት፣ ያለ የሌለ ብልሃቱን አሟጦ ያመጣው ውሸት ፈረሱን ነው። ዕድሜ ልክሽን አንድ ነገር ሊደብቅሽ አይችልም፤ አግቢው።'»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆሙ። ይመኑም፣ አንዳርጌ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ይቆይ፣ ከዚያ በኋላ ሠርግ ይሁን አለና፣ «በሉ ተቀመጡ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ይመኑ ማለዳ ማለዳ ዳዊቱን ዘርግቶ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ጎረቤቱ ሥራውን ያቆምና፣ «ዝም በሉ እስቲ፤ ዛሬ የሚከሰሰው ማን እንደሆነ እንስማ» ይላል።