ወንበሯን ያዞረችው ሴት

«ለአንድ ጎጆ አንድ ራስ ይበቃል፤ ለከተማ ግን አይበቃም። ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ ጋሽ አጥናፉ። ያኔ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ዓመት አልሞላኝም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ሲይዙ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። «ከየሰፈሩ ሰው መርጦ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ከማጨቃጨቅ፣ አንድ ብልህ ሰው ቢያስተዳድረን ምን አለበት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነው። እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

አንድ ሰው ነበረ። የአንድ ትልቅ ከተማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። አዳራሹ ኮረብታ ላይ ነው፤ ክብ ነው፤ ዙሪያውን መስኮት ነው። ጭጋግ ሲወርድ በደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እያንዳንዱ ሰፈር የመረጠው ሰው ወንበሩን ወደ ሰፈሩ መስኮት አዙሮ ይቀመጣል። የአፈ ጉባኤው ወንበር ብቻ መስኮት የለውም። ስለዚህ ሥራው መጠየቅ ነበር። «ከወዲያ ማዶ ምን ይታያል? ከታችኛው ሰፈርስ?» ይላል። የውሃው ነገር ለውሃ ኮሚቴ፣ የመንገዱ ለመንገድ ኮሚቴ ይመራል፤ ተመርምሮ ሲመለስ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። ከመካከላቸው የመረጡት ከንቲባ የተወሰነውን ይፈጽማል።

ጭቅጭቁ ግን አያልቅም። አንዱ «እየዘነበ ነው» ሲል ሌላው «ፀሐይ ነው እንጂ! ዓይንህን ታጠብ» ይለዋል። አፈ ጉባኤው ሰለቸው። አንድ ክረምት ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ምሥራቁ መስኮት አዞራቸው። በዚያ በኩል የሚታየው አበባ የለበሰ ተራራ ብቻ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ስላዩ ተስማሙ። ድምፃቸው እንኳ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ለሰለሰ።

በዚህ መሀል የውሃ ኮሚቴ «የወንዙ ግንብ ፈርሷልና ይጠገን» ብሎ አቀረበ። «ለከርሞ ይቆይ» ተባለ፤ እጅ መውጣት ጀመረ። ይሄኔ የታችኛው ሰፈር ተመራጭ ተነሳች። እናቷ የምትኖረው ወንዙ ዳር ነው። ወንበሯን ወለሉ ላይ እየጎተተች ወደ ሰፈሯ መስኮት አዞረች።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሰላም አግኝተን ልትረብሺን ነው?» አለ አንዱ።

«ውሃው ደጃፍ አልፏል» አለች። «የልጅ ጫማ ይዞ እየወረደ ነው።»

አፈ ጉባኤው መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አየ። ከጎኗ ያለውን ወንበር ያዞር ጀመር። ገመድ የያዙ ሰዎች ወዲያው ተላኩ። የወንዙ ዳር ሰዎች ተረፉ፤ ቤቶቻቸው ግን አልተረፉም።

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ ጋሽ አጥናፉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያ አፈ ጉባኤ አንቺ የፈለግሽው ብልህ ሰው ነው። ብልሃት አላነሰውም፤ ያነሰው ዓይን ነው። ምክር ቤት ማለት በየመስኮቱ የተቀመጠ ዓይን ነው። ጭቅጭቁም አንዱ ያየውን ሌላው ስላላየ ነው። ሰፈርሽ ሰው ካልላከ ግን ውሃው ሲመጣ ማንም አያይልሽም።»

ዘንድሮ የመራጮች ምዝገባ ሲከፈት ልጄን አዝዬ ሄድኩ። መዝጋቢዋ «ትፈርሚያለሽ ወይስ አሻራ?» አለችኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ።