ጉሙ ዱቄት የመሰላት ድመት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት ድመት በቅርጫት ተከድና ከወፍጮ ቤት ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ቤት መጣች። ቅርጫቱ የተከደነው መንገዱን እንዳታይ ነው። በዚያ አገር አዲስ ድመት የሚቀበሉት እንዲህ ነበር፤ መንገዱን ይደብቁባታል፣ ፊቷን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ያሻሹላታል፣ ከዚያም የምሰሶው ሽታ የራሷ ሽታ እስኪመስላት ድረስ እዚያው ያስሯታል።

ድመቷ ታስራ ሰነበተች። አይጥ ሲያልፍ ገመዱ ከደረሰ ትይዘዋለች፤ ካልደረሰ ታየዋለች። የቀረውን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ወፍጮ ቤቱን ታልማለች። እዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ነበር። ግድግዳው፣ የሸረሪት ድሩ፣ የእናቷ ጢም ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ነበር።

ከምሰሶው ወዲያ አህያ ያድራል። ወይዘሮ እቴነሽ ባላቸው ሞቶ ከአህያው ሌላ ረዳት አልነበራቸውም። ውሃውንም እንጨቱንም የሚሸከምላቸው እሱ ነው።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ እቴነሽ ገመዱን ፈቱላት፤ በሩን ገርበብ አድርገው ትተውላት ወደ ጓዳ ገቡ። ድመቷ ደፉ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ደጅ ምን አለ?» አለችው አህያውን።

«እኔ ስፈታ የማገኘው ጭነት ነው» አለ አህያው። «የአንቺን አላውቅም፣ ልጄ።»

ወጣች። ጉም ወርዶ አጥሩንም ዛፉንም ሜዳውንም ውጦታል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ድምፅ የሌለው። ዱቄት መሰላት። ወፍጮ ቤቱ ራሱ ሊወስደኝ መጥቷል አለች በልቧ። እግሯን ስታሳርፍ መሬቱ ርጥብ ነበር፤ ቢሆንም ሄደች። ጉሙ ከፊቷ እየተከፈተ ከኋላዋ ሲዘጋ በእንቅልፍ ውስጥ የምትራመድ መሰላት። አንድ ቦታ የእናቷን ጀርባ ያየች መስሏት ተጠጋች፤ ድንጋይ ነበር። ሌላ ቦታ የወፍጮውን ድምፅ የሰማች መስሏት ሮጠች፤ ምንጭ ነበር።

ምንጩ ዳር ቀበሮ ተቀምጧል።

ሰላምታ ሰጣት። ወፍጮ ቤቱን እንደምትፈልግ ነገረችው። ቀበሮው ወፍጮ ቤቱን አውቀዋለሁ አለ፤ እናትሽንም አውቃታለሁ አለ፤ ትናንት እንኳ ስምሽን ስታነሳ ነበር አለ። ስለ እናቷ የሚያወራላት ካገኘች ብዙ ቆይታ ነበርና አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች። አሁን ያለሽበት ቤት ማን ማን አለ? ሴትዮዋና አህያው። ውሻስ?

«ውሻ የለም» አለች።

«ውሻ የለም» አለ ቀበሮው ቀስ ብሎ፣ ማር እንደሚቀምስ። መንገዱን አይቶ እንደሚመለስ ነገራትና ጉሙ ውስጥ ገባ።

የሄደው ወደ አንድ ጅብ ነበር። ጉም በወረደ ቀን ጅብ ቀኑን ሌሊት አድርጎ ይዞራል። ያን ማለዳ ግን የየቤቱ ጭስ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ መሬት ላይ ስለተኛ፣ አፍንጫው ቤት ከቤት መለየት አቅቶት ተርቦ ይንገላታ ነበር። ቀበሮው ውሻ የሌለበት፣ አህያ ያለበት ቤት ተገኘ አለው። ድመቷን አስደነግጣታለሁ፣ ወደ ቤቷ ትሮጣለች፣ አንተ ተከተላት፤ አህያው ለአንተ፣ ዶሮ ካለ ለእኔ። ጅቡ አስደግሞ ሰማና ገባኝ አለ።

ቀበሮው እያለከለከ ተመለሰ።

«እህቴ፣ ጅብ መጥቷል። በቀጥታ ወደ ቤትሽ ሩጪ። ኋላሽን እንዳታዪ።»

ድመቷ ዘላ ተነሳች። እግሮቿ ሳታዛቸው ዞሩ። የዞሩት ግን ወደ እናቷ አልነበረም፤ ገርበብ ወዳለው በር ነበር። ይህ ራሷን አስገረማት። ልትፈተለክ ስትል ከጉሙ ውስጥ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«አያ ቀበሮ፣ ትሮጣለች አልከኝ እንጂ። ይኸው ቆማለች። አህያው በየት በኩል ነው?»

«ዝም በል፣ አያ ጅቦ።»

«ዝም ብዬ ነበር እኮ። ራበኝ።»

ድመቷ ሁሉም ገባት። በሩ ቅርብ ነው። ብትሮጥ ትደርሳለች፤ ከኋላዋ ግን ጅቡ ይደርሳል። ምንጩ ዳር የወይራ ዛፍ ነበር። እሱ ላይ ወጣች።

«ውረጂ» አለ ጅቡ ከታች። «አህያውን አሳይተሽኝ ትመለሻለሽ። አንቺማ ለጥርሴም አትበቂኝ።»

«ቤቴ የት እንደሆነ አላውቅም» አለች። «እንግዳ ነኝ።»

ቤቴ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ጅቡ ተናዶ ግንዱን ነከሰ። ቀበሮው ስለ እናቷ እንደገና ያወራላት ጀመር። በዚህ መሀል ከጉሙ ወዲያ «ውሮ፣ ውሮ» የሚል የወይዘሮ እቴነሽ ድምፅ ተሰማ። ጅቡ ጆሮውን አቆመ። ወደ ድምፁም አንድ እግሩን አነሳ።

ድመቷ ያን ጊዜ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወርዳ ጅራቷን አንጠለጠለች። የጅቡን አፍንጫ ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ጅቡ ድምፁንም አህያውንም ረሳ። ዘለለ፣ ሳተ፤ ደግሞ ዘለለ። ድመቷ ብትፈራም ጅራቷን አልሰበሰበችም። ቀበሮው ጅራቷን ተዋት፣ ድምፁን ተከተል ቢለው፣ ጅቡ እጄ ላይ ያለችውን ትቼ የት እሄዳለሁ አለው።

ፀሐይ ወጣች። ጉሙ እንደተገፈፈ ብርድ ልብስ ከሜዳው ላይ ተነሳ። ጅቡ መንደሩ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ እያየ ተገኘ። የጎረቤት ውሾች አዩት። ቀበሮው ቀድሞ ጠፍቶ ነበር።

የውሾቹ ጩኸት እስኪርቅ ድመቷ ዛፉ ላይ ቆየች። ከዚያ ሆና ዙሪያውን አየች። ዓይኗ እስከሚደርስበት ድረስ ወፍጮ ቤት አልነበረም። ወርዳ ወደ ቤቷ ገባች። ወይዘሮ እቴነሽ የት ነበርሽ ብለው ተቆጧትና ጭቃ የያዘ እግሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

ረፈድ ሲል አህያው ለውሃ ወደ ምንጩ ተነዳ። ወይራው ሥር ቆሞ ግንዱ ላይ ያለውን የጥርስ ጠባሳ አሸተተ። ከዚያም ማንንም ሳይጠይቅ ውሃውን ተሸክሞ ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤቱን የሚወድ ፍርሃት ቢይዘውም ጠላቱን አስከትሎ ወደ ደጁ እንደማይሮጥ ነው።